ስለ ሥራ መብራት፤ አጽንቶ ስለ መስቀልና ፈጥኖ ስለ ማውረድ



ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በባላገር ቤት ሥራ አይቀርም። ላሚቱን በሌሊት ምጥ ይይዛታል፤ ሞፈሩ ተሰብሮ እንደ ሆነ ለነገው እርሻ ሳይነጋ መጠገን አለበት፤ የቤቱ እመቤት ሊጥ ታቦካለች፤ የታመመ ሰው ቢኖር ቍስሉ ይታጠባል። በዚህ ጊዜ ሁሉ ከልጆቹ አንዱ ተጠርቶ «ና፤ መብራት ያዝ» ይባላል። ልጁም ኩራዙን ወይም ፋኖሱን አንሥቶ ይቆማል። ጥቂት ቆይቶ ክንዱ ይዝላል፤ ክንዱ ሲዝል ብርሃኑ ይወርዳል፤ አባቱም «ወደ እጄ አብራ እንጂ ወደ ዓይኔ አታብራ» ብሎ ይቈጣዋል። እንዲህ ሆኖ አንድ ሰዓት ወይም ሁለት ሰዓት ያልፋል። በማግሥቱ መምህሩ ትምህርቱን በጠየቀው ጊዜ ልጁ አንገቱን ይደፋል፤ መምህሩም ስንፍና ይመስለዋል። ነገር ግን ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ማታውን የምስማርን ሥራ ሲሠራ ያመሸ ነው።

የዚህ ንግግር ነገር ስለዚያ ምስማር ነው። የመብራት ነገር ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ብርሃኑ ብዛትና ስለ ላምባው ዋጋ ነው፤ ስለ መያዣው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዳሩ ግን የሥራ መብራት ከማዕድ መብራት በዚህ ይለያል፤ የማዕድ መብራት ከተቀመጠበት አይነሣም፤ የሥራ መብራት ግን ሥራው ወደ ሄደበት ይሄዳል። ስለዚህ መያዣው ሁለት የማይስማሙ ነገሮችን አስታርቆ መኖር አለበት፤ ይኸውም መብራቱ በተሰቀለ ጊዜ እንዳይወድቅና እንዳይወዛወዝ አጽንቶ መያዝ፤ ሰው በፈለገው ጊዜ ደግሞ በአንድ እጅ በቅጽበት መልቀቅ ነው። አጥብቆ የሚይዝ ብዙ ጊዜ አይለቅም፤ ቶሎ የሚለቅም ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይለቃል። በብሎን የታሰረ መብራት አይወድቅም፤ ነገር ግን ጅብ በበረቱ አጠገብ ቢጮኽ ብሎን እስኪፈታ ድረስ የሚጠብቅ ሰው የለም። በገመድ ጫፍ የተንጠለጠለ መብራት ደግሞ ቶሎ ይነሣል፤ ነፋስም ቶሎ ይጥለዋል።

በዚህ ነገር ብዙ የተቸገሩና ብዙም የተማሩ ሰዎች በምድር ውስጥ የድንጋይ ከሰል የሚቈፍሩ የአውሮጳና የአሜሪካ ሠራተኞች ናቸው። ለእነርሱ ቀንም ሌሊት ነው፤ መብራት ከሌለ አንድ እርምጃ መራመድ አይቻላቸውም። ስለዚህ የእነርሱን ታሪክ ጥቂት ማስታወስ ይገባል። (የሚነገረው ዓመት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።)

ከከሰሉ ጋር ከድንጋዩ ስንጥቅ እሳት የሚይዝ አየር ይወጣል፤ ስሙም ሜቴን ይባላል። ሽታ የለውም፤ በዓይን አይታይም፤ ከንጹሕ አየር ጋር በልክ ሲደባለቅ ግን አንዲት ነበልባል ብትነካው እንደ ባሩድ ይፈነዳል። ስለዚህ ሠራተኛው ሻማ ቢያበራ ይሞታል፤ ባያበራም ሥራ አይሠራም። በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አጋማሽ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ አገር፤ ኋይትሄቨን በሚባል ስፍራ የከሰሉ ጉድጓድ አዛዥ የነበረ ካርላይል ስፔዲንግ የሚባል ሰው አንድ ብልኃት አወጣ። እርሱም የብረት መንኰራኵር ነው፤ በእጅ ሲዘወር የባልጩት ድንጋይ ይነካዋል፤ ከዚያም የእሳት ፍንጣሪ እንደ ዝናም ይረጫል፤ በዚያ ፍንጣሪ ብርሃን ይሠራ ነበር። ይህን መኪና በደረቱ ላይ አስሮ ቀኑን ሙሉ የሚያዞረው ማን ነው ቢባል፤ ብዙ ጊዜ ልጅ ነበር። ቈፋሪው ሁለት እጁን ለሥራው ሰጥቶ ሲቈፍር ልጁ በአጠገቡ ቆሞ ያዞርለታል። እንግዲህ «ና፤ መብራት ያዝ» የሚለው ቃል በእኛ ቤት ብቻ የተነገረ አይደለም። ይህም ፍንጣሪ አየሩን አያነድም ተብሎ ታምኖ ነበር፤ እምነቱ ግን ትክክል አልነበረም፤ አንዳንድ ጊዜ አነደደው፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚሞት መብራት ያዡ ልጅ ነው።

በ1812 ዓ.ም. ግንቦት ወር፤ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ አገር ፌሊንግ በሚባል የከሰል ጉድጓድ ታላቅ ፍንዳታ ሆኖ 92 ሰዎችና ልጆች ሞቱ። ከዚህ በኋላ ነገሩ የሊቃውንትን ልብ ነካ። ክላኒ የሚባል ሐኪም፤ ከዚያም ኋላ በባቡር ሥራ ስሙ የተጠራው ጆርጅ ስቲቨንሰን፤ ደግሞም የኬሚስትሪ ሊቅ የነበረው ሰር ሃምፍሪ ዴቪ እያንዳንዳቸው አደጋ የማያመጣ መብራት ለመሥራት ደከሙ። ዴቪ በ1815 ዓ.ም. ያገኘው ነገር እጅግ ቀላል ነው፤ ነበልባሉን በቀጭን የሽቦ ወንፊት ከበበው። ነበልባል በወንፊቱ ቀዳዳ ለማለፍ ሲሞክር ሽቦው ሙቀቱን ይወስድበታል፤ ሙቀቱን ያጣ ነበልባልም ይጠፋል፤ ስለዚህ እሳቱ በውስጥ ይቀራል፤ ብርሃኑ ግን ይወጣል። ይህን መምህሩ በክፍሉ ውስጥ ማሳየት ይችላል፤ የደቀቀ የሽቦ ማጥለያ በሻማ ነበልባል ላይ ዝቅ አድርጎ ቢይዝ፤ ነበልባሉ ከወንፊቱ በታች ተደፍጥጦ ይቀራል፤ ከበላዩ የሚወጣው ጢስ ብቻ ነው። ዴቪ በዚህ መብራት የብቻ መብት አላወጣበትም፤ ሁሉ እንዲሠራው ተወው። በጊዜው ለመብቱ የሚሆን ገንዘብ አጥቶ አልነበረም፤ ስለዚህ ይህ ሥራው ሊመሰገን ይገባል።

አሁን ወደ መያዣው እንመለስ። ይህ የዴቪ መብራት በራሱ ላይ ቀለበትና መንጠቆ ነበረው። ሠራተኛው ሲሄድ በእጁ ወይም በመታጠቂያው ያንጠለጥለዋል፤ ከስፍራው ሲደርስ ጣሪያውን በሚደግፈው ምሰሶ ላይ በተመታ ምስማር ይሰቅለዋል። መንጠቆ ከመያዣዎች ሁሉ የጥንቱ ነው፤ የሚይዘውም በመብራቱ በራሱ ክብደት ነው፤ ወደ ላይ ከፍ ካደረጉት ይለቃል፤ ካላደረጉት አይለቅም። ሁለት ጕድለት ግን ነበረበት። የመጀመሪያው፤ ምስማሩ በሠራተኛው ጀርባ ወይም በጎኑ እንጂ ሥራው ባለበት አልነበረም፤ ወንፊቱ ራሱ ብርሃኑን ስለሚያደክመው ቈፋሪው የሚመታውን ድንጋይ በጥላ ውስጥ ሆኖ ይመታ ነበር። ብዙ ዓመት እንዲህ የሠሩ ሰዎች ዓይናቸው ያለ ፈቃዳቸው ወዲያና ወዲህ የሚንቀጠቀጥበት፤ ኒስታግመስ የሚባል በሽታ ይዟቸዋል፤ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር ይህ በሽታ ከሥራ የመጣ ተብሎ ካሣ የሚከፈልበት ሆነ።

ሁለተኛው ጕድለት ከዚህ የከፋ ነው። ሠራተኛው ብርሃኑ ሲያንስበት ወይም ፒፓውን መለኰስ ሲያምረው ወንፊቱን ያወልቀው ነበር። በአንድ ሰው ጥፋት ብዙ ሰው ሞተ። ስለዚህ መብራቱን በቁልፍ መዝጋት ግድ ሆነ። በአንዳንዱ ላይ የእርሳስ ማኅተም ይመታበታል፤ ሰውዬው ከፍቶት እንደ ሆነ ሲወጣ ይታወቅበታል። በሌላው ላይ ደግሞ በውስጡ ትንሽ የብረት መወርወሪያ ተደርጎበት፤ ይህም መወርወሪያ የሚሳበው ከጉድጓዱ በላይ በመብራት ቤት በሚገኘው ብርቱ ማግኔት ብቻ ነው፤ በጉድጓዱ ውስጥ ማንም ሊከፍተው አይችልም። እዚህ ላይ ትልቅ ቁም ነገር አለ። በአንድ መብራት ላይ ፈጥኖ የሚለቅ ክፍልና ፈጽሞ መልቀቅ የሌለበት ክፍል አሉ። መንጠቆው ለሠራተኛው እጅ ቶሎ ይታዘዛል፤ የነበልባሉ ቤት ግን ለእጁ አይታዘዝም። ብልኃተኛ ነን የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ሁሉን ነገር በአንድነት ፈጥኖ እንዲፈታ ሲያደርጉ ነው።

ሜቴን በማይበዛበት ጉድጓድ የሚሠሩት ደግሞ ሌላ መንገድ ያዙ፤ መብራቱን ከምሰሶው አንሥተው በራሳቸው ላይ አደረጉት። በስኮትላንድ ሠራተኞች የጀበና መልክ ያላት ትንሽ የዘይት መብራት ከኋላዋ መንጠቆ ተደርጎላት በቆባቸው ግንባር ላይ ይሰኳት ነበር፤ ይህም ልማድ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1892 ዓ.ም. በአሜሪካ ካልሲየም ካርባይድ የሚባለውን ድንጋይ መሰል ነገር በብዛት መሥራት ተቻለ፤ በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ፍሬድሪክ ባልድዊን የሚባል ሰው በካርባይድ ለሚበራ መብራት የብቻ መብት አወጣ። ይህ መብራት ሁለት ክፍል አለው፤ በላይኛው ውኃ፤ በታችኛው ካርባይድ ይሞላል፤ ውኃው ጠብ ጠብ ሲልበት አሴቲሊን የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙም በትንሽ ቀዳዳ ወጥቶ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይነዳል። ክብደቱ አነስተኛ ነው፤ ብርሃኑም ሰው ወደሚያይበት ይሄዳል፤ ምክንያቱም የመብራቱ መያዣ የሰውዬው አንገት ሆኗል። ይሁን እንጂ ነበልባሉ የተገለጠ ስለ ሆነ ሜቴን ባለበት ጉድጓድ ሞትን መሸከም ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው የኤሌክትሪክ መብራት ነው። በ1912 ዓ.ም. በአሜሪካ በዌስት ቨርጂኒያ ጄድ በሚባል ጉድጓድ ፍንዳታ ሆኖ ከ80 የሚበልጡ ሠራተኞች ሞቱ። ጆን ራያንና ጆርጅ ዳይክ የሚባሉ ሁለት የማዕድን መሐንዲሶች ይህን ካዩ በኋላ ወደ ቶማስ ኤዲሰን ሄደው ነበልባል የሌለው መብራት እንዲሠራ አነጋገሩት፤ በ1914 ዓ.ም. ደግሞ ለዚህ ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ባትሪው በመታጠቂያ ላይ ይውላል፤ ከባትሪው የወጣው ሽቦ በጀርባ በኩል ወደ ቆቡ ይወጣል፤ መብራቱም በቆቡ ግንባር ላይ ይሰካል። የመብራቱ አሰካክ እንዲህ ነው፤ ከመብራቱ ኋላ ጠፍጣፋ የብረት ምላስ አለ፤ በቆቡ ላይ ደግሞ ለዚያ ምላስ የሚሆን ሰገባ ተበጅቷል፤ ጎራዴ ወደ ሰገባው እንደሚገባ ምላሱ ከላይ ወደ ታች ይገባል። ሰውዬው ሲያጐነብስ፤ ሲዘል፤ ሲመታ አይወጣም፤ በጣቱ ወደ ላይ ሲገፋው ግን በአንድ ጊዜ ይወጣለታል፤ ከድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ለማየት ሲፈልግ በእጁ ይዞ ያስገባዋል፤ ከዚያም ሳያይ፤ በመዳሰስ ብቻ መልሶ ይሰካዋል። በጨለማ የሚሰካ ነገር በመዳሰስ የሚሰካ መሆን አለበት፤ ይህን ብዙ ሠሪዎች ይረሱታል።

በእነዚህ ከመጀመሪያዎቹ የቆብ መብራቶች በአንዳንዶቹ ደግሞ ሌላ ድንቅ ነገር ነበረ። የአምፑሉ ብርጭቆ ቢሰበር የጋለው ክር አየሩን እንዳያነድ፤ አምፑሉ በሞላ ተገፍቶ ነበር የሚቀመጠው፤ ብርጭቆው በተሰበረ ጊዜ ሞላው ተፈናጥሮ ኤሌክትሪኩን ያቋርጠዋል። ይህ የሰው እጅ ሳይነካው የሚለቅ መያዣ ነው። ዛሬ የቈፋሪዎች መብራት በኤል ኢ ዲ የሚበራ፤ ባትሪውም እጅግ ያነሰ ሆኗል፤ ነጭ ብርሃን እንዲገኝ ሰማያዊውን ኤል ኢ ዲ የሠሩት ሦስት የጃፓን ተወላጅ ሊቃውንት፤ አካሳኪ፤ አማኖና ናካሙራ፤ በ2014 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ምላሱና ሰገባው ግን ብዙ አልተለወጡም።

ሽማግሎች ከመብራት ይልቅ ስለ ጠመንጃ የበለጠ ያውቃሉና አንድ ምሳሌ ከዚያ ማምጣት ይገባል። በጥንት ጊዜ የአውሮጳ ወታደር ሳንጃ እጀታው እንደ ውታፍ ሆኖ ወደ ጠመንጃው አፍ የሚገባ ነበር፤ ሳንጃ ከገባ አይተኰስም፤ ከተተኰሰም ሳንጃ የለም። በ1689 ዓ.ም. በስኮትላንድ ኪሊክራንኪ በሚባል ስፍራ የመንግሥት ወታደሮች አንድ ጊዜ ተኵሰው ሳንጃቸውን ሳይሰኩ ተራራማዎቹ በጎራዴ ደረሱባቸውና ተሸነፉ። አዛዣቸው ጄኔራል ማኬይ ለሽንፈቱ ምክንያት አድርጎ የጠቀሰው ይህንኑ የሳንጃውን አሰካክ ነው። ከዚያ በኋላ የተለመደው ሳንጃ በጠመንጃው አፍ ዙሪያ የሚጠልቅ ቀለበት ያለው ሆነ፤ በቀለበቱ ላይ የታጠፈ ስንጥቅ አለ፤ በጠመንጃውም ላይ ትንሽ ጕጥ አለች፤ ሳንጃው ይገባና ጥቂት ይዞራል፤ ጕጧም በስንጥቁ እጥፋት ውስጥ ገብታ ትይዘዋለች። ይህ አያያዝ ኋላ ወደ መብራት መጣ። በእንግሊዝ አገር ያሉ ብዙ አምፑሎች ሁለት ትንንሽ ጕጦች አሏቸው፤ ተገፍተው ጥቂት ይዞራሉ፤ ከበታች ያለው ሞላም መልሶ ይገፋቸዋል። የመኪና አምፑሎች ብዙዎቹ በዚህ ዓይነት የተሠሩ ናቸው፤ ምክንያቱም በብሎን ዓይነት የሚገባው መንገድ ሲያናውጠው በገዛ እጁ እየዞረ ይላላል፤ በሞላ የተገፋው ግን መናወጥ አይፈታውም።

የእንግሊዝ ባቡሮችም በፊታቸው ላይ ቀጥ ያሉ ጠፍጣፋ ብረቶች ነበሯቸው፤ ፋኖሱ ከኋላው ባለው ሰገባ በብረቱ ላይ ይጠልቅ ነበር። መብራቶቹ የሚሰኩበት ስፍራ የባቡሩን ዓይነት ይናገራል፤ በግራና በቀኝ ጫፍ ሁለት ከበሩ ፈጣን የሰው ባቡር ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሠራተኛው በየጣቢያው መብራቱን ከአንዱ ብረት ነቅሎ በሌላው ይሰካ ነበር። ይህ የሚቻለው ብረቶቹ ሁሉ በአንድ ልክ ስለ ተሠሩ ብቻ ነው። ይህን የልክ ነገር ኋላ እናገኘዋለን።

በዛሬው ጊዜ በገበያ የሚገኙ የሥራ መብራቶች ብዙዎቹ ማግኔት አላቸው። በ1980ዎቹ ዓመታት ኒዮዲሚየም ከሚባል ብረት እጅግ ብርቱ ማግኔት ስለ ተገኘ፤ እንደ አውራ ጣት ጥፍር ያለች ቁራጭ ትልቅ መብራት ትይዛለች። ስለ ማግኔት ግን ገዢው ማወቅ የሚገባው ነገር አለ። በዕቃው ላይ 10 ኪሎ ይይዛል ተብሎ ቢጻፍ፤ ይህ ማለት ከወፍራምና ከንጹሕ ብረት ላይ ቀጥ አድርገው ሲነቅሉት ነው። በቆመ ብረት ላይ ተጣብቆ ክብደቱ ወደ ታች ሲያንሸራትተው ግን የሚይዘው ብዙ ጊዜ ከዚህ ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ የሚይዘው የማግኔቱ ስበት ሳይሆን የሁለቱ ፊቶች መፋተግ ነው። አቧራ፤ ቀለም፤ ዝገት በመካከላቸው ከገባ ደግሞ ኃይሉ ይቀንሳል። እንጨት፤ ጭቃ ግድግዳ፤ አሉሚኒየምና ናስ ፈጽሞ አይስብም። ሲነቀልም በጉልበት ቀጥ አድርጎ መሳብ አይገባም፤ ከአንድ ጠርዙ ብድግ ቢያደርጉት ያለ ድካም ይለቃል። ከመብራት ወልቀው የወደቁ ትንንሽ ማግኔቶች ለሕፃናት እጅግ አደገኛ ናቸው፤ ሕፃን ሁለቱን ቢውጥ በሆዱ ውስጥ ተሳስበው አንጀቱን ይቀዱታል።

ሲኒማ የሚያነሡ ሰዎች ከባድ መብራት ከፍ አድርገው ስለሚያቆሙ ለዚህ ነገር ይጠነቀቃሉ። የመብራቱ ሰገባ 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ዘንግ ላይ ይጠልቅና በጎን ባለ ብሎን ይጠብቃል። በዘንጉ መካከል ዙሪያውን የጐደጐደ አንገት አለ፤ የብሎኑ ጫፍ በዚያ ይገባል። ብሎኑ ጥቂት ቢላላ እንኳ ጫፉ በአንገቱ ውስጥ ስለ ቀረ መብራቱ ይዞራል እንጂ አይወጣም። ከሰው ራስ በላይ በተሰቀለም ጊዜ ሌላ የብረት ገመድ ይጨመርበታል፤ መያዣው ቢለቅ ገመዱ ይይዘዋል። ይህን አሠራር ያወጣው ሰው ማንም ይሁን ማን፤ ከራሱ በላይ መብራት የወደቀበት ሰው ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ በየመንደሩ ምን መሥራት ይቻላል? የላምባ ፋኖስ ለዚህ ሁሉ ብልኃት አይሆንም፤ ለእርሱ የሚበጀው የራሱ የሽቦ ማንጠልጠያ ነው። ኩላቡ ከብረት ይሁን፤ አፉ ወደ ላይ ይመልከት፤ ጥልቀቱም ከአንድ ጣት አይነስ፤ ከበላዩ ያለው የሣር ክዳን ከመብራቱ እጅግ ይራቅ፤ ሙቀቱ በብርጭቆው አናት ቀጥ ብሎ ይወጣልና። ኩራዝ ግን ክዳን የሌለው እሳት ስለ ሆነ የትም ባይሰቀል ይሻላል። በፀሐይ የሚሞላው ትንሹ መብራት ወደ ባላገር ቤት ከገባ ወዲህ ነገሩ ቀሎአል፤ ይህ መብራት አይግልም፤ አይፈስም፤ ስለዚህ እንደ ቈፋሪው መብራት ምላስና ሰገባ ሊደረግለት ይችላል። ሥራውም ለመንደር አናጢ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

እንጨቱ ዋንዛ ቢሆን ይመረጣል፤ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል። ቁመቱ 20፤ ወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳንቃ ይወሰድና በግራና በቀኝ ሁለት ዘንጎች ይመቱበታል። የዘንጎቹ የውስጥ ጠርዝ በመላጊያ ሰያፍ ሆኖ ይላጋል፤ ከሳንቃው ጋር በሚነካበት በኩል ቦታው ሰፊ፤ በፊት ለፊቱ ጠባብ እንዲሆን ነው፤ እንዲህ ካልሆነ ምላሱ ወደ ፊት ይገለበጣል። የሰገባው አፍ ከላይ ከታቹ በአንድ ሳንቲ ሜትር ይስፋ፤ በጨለማ የምትፈልገው እጅ በቀላሉ እንድታገኘው። ከታች በኩል ደግሞ ማረፊያ የምትሆን ቁራጭ እንጨት ትመታለች። ይህችን ቁራጭ ማስቀረት አይገባም። አንዳንድ አናጢ ምላሱን እንደ ሽብልቅ አድርጎ በጎኖቹ ብቻ እንዲጨነቅ ይሠራዋል፤ በበጋ መልካም ይመስላል፤ ክረምት ሲገባ ግን እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ መብራቱም እንደ ተሰካ ይቀራል፤ በሁለት እጅ ቢሳብም አይወጣም። ክብደቱ በማረፊያዋ ላይ ካረፈ ግን ጎኖቹ ትንሽ ክፍተት ሊኖራቸው ይችላል፤ ክፍተቱም የአንድ ሳንቲም ውፍረት ያህል ይበቃል። የሚፋተጉትን ፊቶች ሰም መቀባት ይገባል። ምላሱ ደግሞ በመብራቱ ጀርባ በጠፍር ይታሰራል እንጂ በመብራቱ አካል ላይ ምስማር አይመታበትም፤ በውስጡ ባትሪ አለና።

አንድ ሰገባ ብቻ መሥራት ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው። ድሀ ቤት ብዙ መብራት አይኖረውም፤ አንድ መብራት ግን አራት ሰገባ ሊኖራት ይችላል። አንዱ በበረቱ ምሰሶ፤ አንዱ በምድጃው ጎን ከጢሱ ራቅ ብሎ፤ አንዱ በደጃፉ፤ አንዱም ልጁ በሚያነብበት ስፍራ ይመታል። በንባቡ ስፍራ ያለው ሰገባ ልጁ ተቀምጦ ከራሱ ጥቂት ከፍ ብሎ በግራው በኩል ይሁን፤ በቀኝ እጁ የሚጽፍ ልጅ የገዛ እጁ ጥላ በጽሕፈቱ ላይ እንዳያርፍበት፤ በግራው የሚጽፍ ከሆነ ግን በቀኙ። በበረቱ ያለው ደግሞ ከብቱ በቀንዱ ከማይደርስበት በላይ ይውጣ።

ስለ ልክ የተባለው እዚህ ላይ ይመጣል። አናጢው ዛሬ አንዱን፤ ከወር በኋላ ሌላውን በዓይኑ ግምት ቢሠራ የአንዱ ቤት ምላስ ለሌላው ሰገባ አይሆንም፤ በዚያው ቤት ውስጥ እንኳ አንዱ ይጠብቃል፤ አንዱ ይላላል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ከጠንካራ እንጨት፤ ለምሳሌ ከወይራ፤ አንድ የልክ ምላስ አሠርቶ በመምህሩ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጥ። በመንደሩ የሚሠራ ሰገባ ሁሉ በዚያ ይለካ። ያን ጊዜ ሐኪሙ ወይም አዋላጂቱ በሌሊት ወደ ማንም ቤት ብትጠራ መብራቷን ይዛ ገብታ በግድግዳው ላይ ትሰካለች፤ ሁለት እጇም ለወላዲቱ ይሆናል።

ሰገባው ተመትቶ ካለቀ በኋላ በዚያው ቀን መብራት አይሰካበት። ከመብራቱ እጥፍ የሚከብድ ድንጋይ በአቁማዳ ተደርጎ ከልኩ ምላስ ጋር ይታሰርና ሌሊቱን ተሰክቶ ይደር፤ ጠዋት ምስማሮቹ ወደ ፊት ወጥተው እንደ ሆነ ይታይ። ጭቃ ግድግዳ ብቻውን አይይዝም፤ ምስማሩ ከውስጡ ያለውን ማገር ማግኘት አለበት። ከዚህ ሌላ አጭር ጠፍር ከመብራቱ እጀታ ወደ ግድግዳው ይታሰር፤ በጫፉም ቀላል ቋጠሮ ይኑረው፤ ይህ የሲኒማ ሠራተኞቹ የብረት ገመድ ወንድም ነው።

መምህሩ ከየትኛው ቤት ልጀምር ቢል፤ በክፍሉ ውስጥ ማታ ማታ መብራት የሚይዙትን ልጆች እጅ እንዲያወጡ ይጠይቅ። ከእነርሱም መካከል ላም የምትወልድበት ቤት ልጅ ካለ፤ የመጀመሪያው ሰገባ በዚያ በረት ምሰሶ ላይ ይመታ።